ከጓሮ እስከ ማጀት የሚጓዝ ቲማቲም

«ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ሩቅ መንገድ ይችላል፣ ከተለቀመ በኋላም ቶሎ አይበላሽም።» ይህ ውዳሴ ከመቂ በአይሱዙ ተጭኖ ለሚመጣ ቲማቲም የተነገረ ቢሆን ኖሮ ምንም ባላልኩ ነበር። የተነገረው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ጓሯቸው ላይ ሁለትና ሦስት መደብ ሊተክሉ ላሰቡ ሰዎች ነው፤ ተናጋሪውም ነገሩን ያውቃሉ ተብለው የተጋበዙ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ሩቅ መንገድ ይችላል! ከየት ወዴት? ጅቡቲ ሊላክ ነው? ከጓሮ እስከ ማጀት ባለው መንገድ ላይ የሚፈርጥ ቲማቲም ካለ ጥፋቱ የተሸካሚው እንጂ የዘሩ አይደለም። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ጓሮ ልማት የሚመክረን በዝቷል፤ መብዛቱ ባልከፋ። የከፋው ምክሩ ለነጋዴ ተጽፎ ለእናቶቻችን መነበቡ ነው።

ጠንካራ ቆዳ ለማን ተብሎ የተፈለገ ባሕርይ እንደሆነ ለመረዳት የቲማቲሙን መንገድ መከተል ይበቃል። ገበሬው ፍሬው ገና መቅላት ሲጀምር ይለቅመዋል፤ በእንጨት ሳጥን ይታጨቃል፤ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርቦ ይጫናል፤ አትክልት ተራ ይራገፋል፤ ከዚያ በቸርቻሪው እጅ አልፎ ጉሊት ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አይፍረጥብኝ። ልክ ነው፣ ገንዘቡ ነው። ሮማ የተባለውን ዝርያ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተዳቅሎ የወጣ ነው፤ ሥጋው ወፍራም፣ ጭማቂው ጥቂት፣ ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው በአንድ ሰሞን ተጠራርጎ የሚደርስ። የቲማቲም ድልህ ለሚያመርት ፋብሪካ ከዚህ የተሻለ ነገር አይመኙለትም፤ ውሃውን ለማትነን የሚወጣው ነዳጅ ይቀንሳል፣ ለቀማውም ባጭር ጊዜ ያልቃል። ለሰላጣ ብሎ የሚተክለው ሰው ግን ይህን ሁሉ በጎነት ምን ያድርገው?

ሮማ ቲማቲምን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ተመልከቱ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ዘሮቹን ያቀፈው ዝልግልግ ክፍል ግን ጠባብ ነው። ቲማቲም ሲጎረስ ምላስን የሚያነቃው ኮምጣጣነት፣ ሥጋ ሥጋ የሚለውም ጣዕም በብዛት የሚገኘው በዚያ ዝልግልግ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳውን ባወፈሩት ቁጥር ያጠበቡት የጣዕሙን ጓዳ ነው። የቀለሙም ነገር ከዚህ አይሻልም። በጉሊት ገዢዎቻችን ዘንድ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አንድ ምልክት አለ፤ ፍሬው ሳይቀላ በፊት ከእንጨቱ ሥር፣ ትከሻው ላይ የሚታየው ደማቅ አረንጓዴ። አዳቃዮች ፍሬው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት እንዲቀላ ብለው ይህን ትከሻ ለሰባ ዓመታት ያህል ሲያጠፉት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የጠፋው ምን እንደሆነ አሳየ፤ ያ አረንጓዴ በፍሬው ውስጥ ስኳር እንዲሠራ የሚያግዝ ዘረመል ምልክት ነበር። ዋናው የስኳር ምንጭ ቅጠሉ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ለመልክ ሲባል ከፍሬው ላይ ድርሻው ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎችን መርምሮ፣ ለቲማቲም ጠረኑን ከሚሰጡት ውህዶች 13ቱ በዘመናዊዎቹ ላይ በግልጽ መቀነሳቸውን አገኘ። ስለዚህ «የድሮ ቲማቲም ይጣፍጥ ነበር» የሚሉ አዛውንት ናፍቆት ይዟቸው አይደለም።

ባለሙያችን ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሱም ኪሎ ነው። ከአንድ እግር ይህን ያህል ኪሎ ይሉና ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ። እሺ፣ እንመዝን። ከቲማቲም ክብደት ከመቶው 94 ወይም 95 እጅ ውሃ ነው። በውስጡ የሟሟው ስኳርና ሌላ ነገር በተለመደው ትልልቅ ፍሬ ከመቶ ከ4 እስከ 5 ሲሆን፣ ቼሪ በሚባሉት ትንንሾች ላይ ከ7 እስከ 9 ይደርሳል። ቅጠሉ የሚያበስለው ስኳር ልክ አለው፤ ፍሬው በገዘፈ ቁጥር ያው ስኳር በብዙ ውሃ ይበረዛል። ውሃ በኪሎ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ጓሮው ላይ ቧንቧ ያለው ሰው ግን በፈረቃ ያገኘውን ውሃ ቲማቲም ውስጥ ከትቶ መመዘን ለምን እንደሚያስፈልገው አልገባኝም።

ደግሞ ኪሎው መቼ ነው የሚደርሰው? ቁመታቸው የተወሰነ ዝርያዎች አበባቸውን ባንዴ ያወጣሉ፣ ፍሬያቸውን በሁለት በሦስት ሳምንት ይሰጣሉ፣ ከዚያ ይጨርሳሉ። ነጋዴ አንዴ ጭኖ ይሸጣል። አንድ ቤተሰብ ግን በዚያ ሰሞን ለጎረቤት ሲያድል፣ ሲበሰብስበትም ሲጥል ይከርምና ወር ሳይሞላ ከጉሊት ይገዛል። ሽቅብ እያደገ በካስማ የሚደገፈው ረጅሙ ዝርያ፣ ብርድና በሽታ ካልገታው፣ ለወራት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል። ለቤት ምርታማ ማለት ይኸኛው ነው። «ሳይበላሽ ይቆያል» የሚለው ውዳሴም እዚህ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ከግንዱ ላይ ሆኖ እንደየአስፈላጊነቱ የሚለቀም ፍሬ ከዘንቢል ውስጥ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ስለ ኪሎ ከተነሣ አይቀር፣ የሚጠቀሰው ኪሎ ከየት አገር እንደተመዘነም መጠየቅ ነበረበት። ለዘር ምርጫ ዋና መፈተኛችን የሆነው፣ ስምጥ ሸለቆ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ በ1,550 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ከዚያ 800 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ ይህ በሙቀት ሲተመን ወደ አምስት ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይዳከማል፣ ትልቅ ፍሬ ያለው ዝርያም አበባውን ያራግፋል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ሲወርድ ማን ከልክሎት ያውቃል? ትንንሽ ፍሬ ያላቸው በዚህ ብርድ የተሻለ ይቋጥራሉ። ስምጥ ሸለቆ ላይ የተመዘነ ኪሎ ሽሮ ሜዳ ላይ እንደሚደገም ቃል መግባት ምክር አይባልም።

«ጣዕም የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ድህነትን መከራከሪያ ማድረግ ቀላል ነውና። እንዲያውም ጣዕም ይበልጥ የሚያስፈልገው ማዕዱ ላይ ሌላ ነገር ለሌለው ሰው ነው። በጾም ቀን ቲማቲም ፍትፍት ሲቀርብ ቲማቲሙ አጃቢ አይደለም፤ እሱው ነው ምሳው። ቃሪያና ሎሚ የማይረባን ቲማቲም እስከተወሰነ ይሸፍኑት ይሆናል እንጂ አያድኑትም። ስልስ ስትሠራ የነበረች ሴት አራት ቲማቲም ከትፋ ድስቱ ውስጥ ከጨመረች በኋላ ቀለሙም ጣዕሙም አልመጣ ሲላት ከሱቅ የተገዛ ሳልሳ በማንኪያ ታክላለች። ያ ማንኪያ ገንዘብ ነው። ለዚያ የሚፈሰው ተጨማሪ ዘይትም ገንዘብ ነው። በኪሎ ያተረፉላት መካሪዎች ይህን ሒሳብ ውስጥ አስገብተውት አያውቁም።

በሽታን የሚያነሡም አሉ፤ ሮማ ቪኤፍ በሽታ ይቋቋማል ይላሉ። ቪ እና ኤፍ የሁለት ሻጋታዎች ስም መነሻ ናቸው፤ ሁለቱም በአፈር ውስጥ የሚኖሩና ተክሉን የሚያጠወልጉ። ዓመት ዓመት ቲማቲም በሚመላለስበት ማሳ ላይ ይህ ትልቅ ዋጋ አለው። አዲስ አፈር በጆንያ ሞልቶ በረንዳው ላይ ለሚተክል ሰው ግን ዋናው ጠላቱ የክረምቱ ምች ነው፤ ቪኤፍ ደግሞ ስለ ምች የሚለው የለም። ምችን የሚያዘገየው ቅጠሉን ከዝናብ የሚከልል ላስቲክና የታችኛውን ቅጠል እየቀነሱ ነፋስ ማስገባት ነው።

ሮማ ከጓሮ ይባረር አላልኩም፤ ድልህ የሚወድ ቤት አንድ ሁለት እግር ይትከል። ከጎኑ ግን ጭማቂ ያለውና ክቡ ማርግሎብ ይኑር፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ያለ፣ በአገራችንም ሲመከር የኖረ ዝርያ ነው። ካስማ ላይ የሚወጣ አንድ ቼሪም ይጨመር። «የቼሪ ዘር የት ይገኛል?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ሃይብሪድ ካልሆነ፣ የሚጣፍጥ አንድ ፍሬ ከተገኘ ዘሩ ተገኝቷል። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ልጁ ወላጁን ይመስላል። ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምቆ ሁለት ሦስት ቀን ማቡካት፣ የሰፈፈውን ደፍቶ የዘቀጠውን ማጠብ፣ ሳህን ላይ በጥላ ማድረቅ፤ ከዚያ በወረቀት ተጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይበቅላል። ሃይብሪዶቹ ግን በሁለተኛው ትውልድ ይበታተናሉና ተካዩን በየዓመቱ ወደ ዘር ሱቅ ይመልሱታል። ስለ ቆዳ ጥንካሬ ያን ያህል የተናገሩት ባለሙያ ይህን ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ አላገኙም።