ወታደሩን ለማመስገን የሠራዊት ቀን አይጠበቅም

ባለፈው ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነበር። አንድ እግሩን ያጣ ጎልማሳ በክራንች ተደግፎ መጣና "ወንድሞቼ፣ መቆም አልቻልኩም፤ ብታስቀድሙኝ" አለ። ከመሀል አንዱ "ማን ዝመት አለህ?" ብሎ መለሰለት። ጥቂቶች ሳቁ። ሰውዬው ቃል ሳይመልስ ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

ለመሆኑ ማን ነው ዝመት ያለው? በ1969 የዚያድ ባሬ ጦር ሲወረን "እናት አገር ተደፈረች" ተብሎ ሲታወጅ ልጁን መርቆ የሸኘው ማን ነበር? በየካቲት 1970 የካራማራ ድል ሲሰማ በእልልታ አደባባይ የወጣውስ? በግንቦት 1990 ባድመ ስትያዝ ስንቅና ገንዘብ ያዋጣውስ? እኛው ነን እኮ!

የዚች አገር ክፉ ልማድ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ወታደሩን "የእነ እንትና" ማለት ነው። ከ1943 ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት ቃኘዎች አንድም ምርኮኛ ለጠላት ሳይሰጡ ተመለሱ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ተረሱ። ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቁመው ሲያስታውሷቸው እኛ ረሳናቸው። በ1983 የቀድሞው ጦር ሲበተን ካራማራ ላይ የቆሰለው ሁሉ "የደርግ ወታደር" ተብሎ ብዙው ጎዳና ላይ ወደቀ። በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ሲወስን ደግሞ እዚያ እግሩን የቀበረውን ማንም አላማከረውም።

ማመስገን ማለት ጦርነቱን መደገፍ ወይም ለገዢዎች ማጨብጨብ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰላማዊ ሰው ላይ እጁን ያነሳ፣ መለዮ ስለለበሰ ብቻ ከሕግ ማምለጥ የለበትም። ጦርነቱን ያወጀው ባለሥልጣን ግን አንድ ነው፣ ታዞ ሄዶ የቆሰለው የድሃ ልጅ ሌላ ነው። ለሁለቱ አንድ ሂሳብ አይሠራም።

መንግሥትም ቢሆን ጥቅምት 15 ቀን የሠራዊት ቀን ብሎ በሰልፍና በማርሽ ባንድ ሲያከብር ውሎ፣ በማግስቱ ቁስለኛውን "ነገ ተመለስ" እያለ በየቢሮው ደጅ የሚያስጠና ከሆነ ምኑን አከበረው? ሜዳሊያ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የጡረታ ገንዘብ በወቅቱ፣ ሰው ሠራሽ እግር ለሚያስፈልገው፣ ሥራ ለሚችል፤ ወታደሩ የሚፈልገው ይህንን ነው።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም። ሰልፍ ላይ "ይቅደሙ" ማለት፣ ታክሲ ውስጥ ሂሳቡን መክፈል፣ ለሰፈራችን ዘብ "እንደምን አደሩ አባባ፣ የት ነበር የዘመቱት?" ብሎ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። አበው "ላደረገልህ አድርግለት፤ ባይሆን ንገርለት" ይላሉ። ማድረጉ ቢያቅተን መንገሩ እንዴት ያቅተናል?

"ማን ዝመት አለህ?" ላልከው ወንድማችን መልሱ ይኸው፦ እኛ ነን ያልነው። አንተም ጭምር።