የተቀዳ ጨዋታና የሠሪው ድካም

ጨዋታ ለሰው ልጅ አእምሮ ዕረፍት አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለንም። አባቶቻችን መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ገበታ ይጫወቱ ነበር፤ ለጉድጓዱም ሆነ ለጠጠሩ ለማንም የሚከፍሉት ዋጋ አልነበረም። ዛሬ ጨዋታው ከመሬት ተነሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። እንደ ገበታ ጠጠር ከሜዳ ተለቅሞ የሚገኝ መሆኑም ቀርቶ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ሠዓሊው፣ ሙዚቀኛውና ታሪክ ደራሲው ወራትና ዓመታት የሚደክሙበት ሥራ ሆኗል። ዋጋውን በሚመለከት ግን አብዛኞቻችን ገና በጠጠሩ ዘመን ሐሳብ ላይ ነን። ዛሬ በዚህ ገጽ ከተማሪዎችና ከወጣት ሠራተኞች ጋር ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው።

በባሕር ዳር ከተማ ከጣና ዳር ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በር ድረስ ለሚዘዋወር ሰው፣ ፊልም፣ ሙዚቃና ጌም እንጭናለን የሚል ጽሑፍ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪው ፍላሹን ወይም ሃርድ ዲስኩን ይሰጣል፤ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ማኪያቶውን ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስም የእግር ኳሱም፣ የመኪና ውድድሩም፣ የጦርነቱም ጨዋታ ተጭኖ ይጠብቀዋል። የከፈለው ዋጋ ግን የማስጫኛ እንጂ የጨዋታው አይደለም። ጨዋታው መቆለፊያው የተሰበረ፣ በተጫዋቾች ቋንቋ «ክራክ» የተደረገ ነው። ከዚያ በኋላ ከአንዱ መኝታ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ብዙ ቀን ሳይቆይም አንድ ፎቅ ሙሉ ተማሪ ይጫወተዋል። ከዚያ ሁሉ ተጫዋች ለሠሪው የደረሰች አንዲት ሳንቲም የለችም።

ይህን ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ፣ «እኔ ቀዳሁ እንጂ የሠሪው ንብረት ከእጁ አልወጣም፤ ታዲያ ምኑን ሰረቅሁ?» የሚል ነው። ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ስለዚህ መልሱን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከጣና ዳር እንፈልገው።

የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ አንዱ ታንኳ ለረጅም ጊዜ አያገለግልም፤ ሠሪው ደግሞ ደጋግሞ ደንገል ማጨድና ማሰር አለበት። ተሳፋሪው ሁሉ ተሻግሮ ሲያበቃ፣ «ታንኳህ እንደ ሆነ አለልህ፤ አልወሰድሁብህም» ብሎ ሳይከፍል ቢሄድ፣ እውነት ነው፣ ታንኳው በባለቤቱ እጅ አለ። የቀረበት ግን የሚቀጥለውን ታንኳ የሚሠራበት አቅም ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታም እንዲሁ ነው። የዛሬው ጨዋታ ገቢ የነገው ጨዋታ ደንገል ነው። ያልከፈለ ተጫዋች የሚያስቀረው ያለውን ጨዋታ ሳይሆን ገና ያልተወለደውን ነው።

ደግሞም መገልበጥ ራሱ ነውር ነው የሚል ሐሳብ የለንም። በጣና ደሴቶች ገዳማት ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት እስከ እኛ ዘመን የደረሱት በመገልበጥ ነው። ነገር ግን ያ ቁም ጸሐፊ ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ከባለቤቱ መጽሐፉን ለምኖ ነበር የሚገለብጠው። በመጽሐፉ ላይም ብዙ ጊዜ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል ይጻፍ ነበር። እንዲሁም በጎጃም የቅኔ ቤቶች «ቅኔ ዘረፈ» ሲባል የሌላውን ቀማ ማለት ሳይሆን ከራሱ አፍልቆ ተቀኘ ማለት ነው፤ ትናንት የተባለውን የሌላ ሰው ቅኔ ዛሬ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ከጓደኞቹ ፊት የሚያፍር ነበር። እንግዲህ የሰው አእምሮ ፍሬ ባለቤት አለው የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣብን አይደለም፤ የረሳነው እንጂ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በካሴትና በሲዲ ቅጂ የተጎዱት የሙዚቃና የፊልም ሰዎች ለዓመታት አቤቱታ ካሰሙ በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዚህ አዋጅ ጥበቃ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በየሱቁ ደጃፍ ዘበኛ ሊቆም ስለማይችል፣ ሕግ ብቻውን ልማድን አይለውጥም።

አሁን ጉዳቱ እስከ ምን እንደሚደርስ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሪንሃርት ጌምስ የተባለ የሁለት ወንድማማቾች ትንሽ ድርጅት «ጌም ዴቭ ታይኩን» የሚባል ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቹ የጨዋታ ሠሪ ድርጅት ባለቤት ሆኖ የሚያተርፍበትና የሚከስርበት ጨዋታ ነው፤ ዋጋውም 8 ዶላር ያህል ነበር። ወንድማማቾቹ ግን አንድ ብልሃት ሠሩ። የተሰበረ የሚመስል ቅጂ ራሳቸው አዘጋጅተው በነፃ ለቀቁት። በዚያ ቅጂ የሚጫወት ሰው ድርጅቱ ጥቂት እንደ ሠራ፣ ጨዋታዎቹን ሰዎች ሳይከፍሉ እየቀዱበት ይከስራል። በመጀመሪያው ቀን ከተጫወቱት 3,318 ሰዎች ውስጥ በገንዘባቸው የገዙት 214 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት 3,104 የቀዱት ናቸው። ይህም ከመቶ 93.6 ማለት ነው። ከእነዚሁም አንዳንዶቹ፣ «ሌቦች ድርጅቴን አከሰሩብኝ፤ ምን ላድርግ?» እያሉ በአደባባይ ማማረራቸው ብዙ ሰው አሳቀ። ሳቁ ግን መራራ ነበር።

ሐቁን ለመናገር፣ የቀዳ ሰው ሁሉ ቅጂው ባይኖር ኖሮ ይገዛ ነበር ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ሕገ ወጥ ቅጂ የጨዋታዎችን ሽያጭ መቀነሱን የሚያረጋግጥ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። በሌላ በኩል ዴኑቮ የተባለውን መቆለፊያ የተመለከተና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሌላ ጥናት፣ መቆለፊያው ጨዋታው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሲሰበር ገቢው ከመቶ 20 ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለቱን አብሮ የሚያይ ሰው የሚረዳው፣ ትልቁ ድርጅት በቅጂ ቢጎዳም እንደማይሞት ነው። የጠፋውን ከሌላ አገር ገበያ ይሞላዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ያልበለጠው ትንሽ ሠሪ ግን የሚሞላበት ሌላ ገበያ የለውም።

ከዚህም የሚበልጥ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጉዳት አለ። ቅጂ ጨዋታን ጨርሶ አያጠፋም፤ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚሠራ ግን ይወስናል። «ክራይሲስ» የተባለውን ጨዋታ የሠራው የጀርመኑ ክራይቴክ ኃላፊ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከእንግዲህ ለኮምፒዩተር ብቻ የሚሆን ጨዋታ እንደማይሠሩ ሲናገር ምክንያቱ ቅጂ መሆኑን ገልጿል። በደቡብ ኮሪያና በቻይናም ሠሪዎች በካርቶን የሚሸጠውን ጨዋታ እየተዉ፣ ሊቀዳ ወደማይችለው በኢንተርኔት ወደሚካሄደው አዘነበሉ። ከዚያም መግቢያው ነፃ የሆነ፣ በየደረጃው ግን ኪስ የሚዳብስ፣ ዕጣ እንደ ማውጣት ያለ፣ በማስታወቂያ የተሞላ ጨዋታ ተስፋፋ። ለጨዋታው አንድ ጊዜ መክፈል እንቢ ያለው ተጫዋች፣ አሁን በሰዓቱ፣ በትዕግሥቱና በታናሽ ወንድሙ የስልክ ካርድ ይከፍላል። ጀምሮ የሚጨርስ፣ አንድ ታሪክ አሳምሮ የሚተርክ ጨዋታ የሚሠራው ሠሪ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ይጎዳል።

ይህ ለእኛ ምን ያገባናል የሚል ቢኖር፣ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል እንለዋለን። በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ንና አባቶቻችን በጠጠር የተጫወቱትን «ገበታ» ለስልክ ሠርቶ አቅርቧል። በካሜሩንም ኪሮኦ ጌምስ አፍሪካዊ አፈ ታሪክ የሚተርከውን «ኦሪዮን» እ.ኤ.አ. በ2016 ለኮምፒዩተር ተጫዋቾች አውጥቷል። በእኛው ከተማ ደግሞ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የእጅ ሙያ ሲያስተምር የነበረው ፖሊቴክኒክ፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጥበታል። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነገ ተነሥቶ የፋሲለደስን ቤተ መንግሥት፣ የጭስ ዓባይን ፏፏቴና የጣናን ታንኳ የያዘ ጨዋታ ቢሠራ፣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎቹ እነማን ናቸው? አብረውት በአንድ መኝታ ክፍል ያደሩት ጓደኞቹ አይደሉምን? እነርሱ ደግሞ በዕድሜያቸው ለአንድ ጨዋታ ከፍለው የማያውቁ ከሆነ፣ የጓደኛቸውን ሥራ በፍላሽ ተቀባብለው፣ «ጎበዝ ነህ» ብለው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። በትከሻ መታ መታ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ያም ወጣት ጨዋታ መሥራቱን ትቶ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል፤ እኛም የሌላውን አገር ታሪክ ብቻ ስንጫወት እንኖራለን።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ትልልቆቹ ጨዋታዎች አዲስ ሲወጡ 60 እና 70 ዶላር ይሸጣሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኖ ሳለ፣ ለአንድ ጨዋታ ከ6,000 ብር በላይ አውጣ ማለት ተማሪን ማላገጥ ነው። ገንዘቡ ቢኖረው እንኳ በብር ሒሳቡ ከውጭ አገር መደብር መግዛት ለብዙው ወጣት ቀላል አይደለም። በሩ የተዘጋበት ሰው በመስኮት ቢገባ፣ መስኮቱን ከመውቀስ በፊት በሩን መክፈት ይገባል።

ይህም ሊሆን እንደሚችል ፖላንድ ታስተምረናለች። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 በዋርሶ ሲቋቋም፣ የተቀዳ ጨዋታ በየገበያው ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ድርጅቱ ሌቦቹን በማሳደድ ጊዜውን አላጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1999 «ባልደርስ ጌት» የተባለውን ጨዋታ በፖላንድ ቋንቋ አስተርጉሞ፣ በአገሩ ተዋናዮች ድምፅ አስነግሮ፣ ካርታና ስጦታ በካርቶን ጨምሮ አቀረበው። ገዢውም ከተቀዳው ይልቅ እውነተኛውን መረጠ። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 «ዊቸር» የተባለውን የራሱን ጨዋታ አውጥቶ በዓለም የታወቀ ሆነ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በሰው ቋንቋ፣ በሰው አቅም ዋጋና በቀላል መንገድ የሚያቀርብ ሠሪ ቀጂውን ይረታል።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን ልናሳስብ እንወዳለን። ጨዋታ ሠሪዎቻችን ሥራቸውን በአማርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች፣ የተማሪ ኪስ በሚችለው ጥቂት ብር፣ ሁሉም በሚያውቀው በስልክ ክፍያ ያቅርቡ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቴሌብር ለዚህ የተመቸ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጡ ወጣት ሠራተኞችም የአእምሮ ንብረት ጉዳይ ወደ ጠረጴዛቸው ሲመጣ የዘፋኝና የፊልም ሠሪ ጉዳይ ብቻ አድርገው አይዩት። የማስጫኛ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎችም የአገር ልጅ ሥራ ሲመጣ ከሠሪው ጋር ተስማምተው ሻጩ ቢሆኑ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ መደርደሪያውም፣ ደንበኛውም በእጃቸው ነውና።

ተማሪውም ያለ ስርቆት የሚጫወትበት መንገድ ሞልቷል። በነፃ የሚሰጡ ጨዋታዎች ብዙ ናቸው፤ ኤፒክ የተባለው መደብር እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ አንሥቶ ጨዋታዎችን በየጊዜው በነፃ ሲያድል ቆይቷል። ለመሥራት የሚፈልገውም የተሰበረ ፕሮግራም አያስፈልገውም፤ ጎዶትና ብሌንደር የተባሉት መሣሪያዎች ለማንም በነፃ የተፈቀዱ ናቸው። በተሰበረ ጨዋታ ውስጥ ተሸሽጎ የሚገባ ቫይረስ የመመረቂያ ጽሑፍን ሊያጠፋ የሚችል መሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል።

በመጨረሻም፣ ዛሬ የ70 ዶላሩን መክፈል የማይችል ወጣት ቢያንስ አንድ ነገር ከራሱ ጋር ይማከር። የአገሩ ልጅ የሠራው ጨዋታ በጥቂት ብር ሲቀርብለት፣ ፍላሹን ወደ ኪሱ መልሶ ብሩን ያውጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የአንድ ሠሪ የዓመት ድካም ለእርሱ ብቻ ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሺህ ተጫዋች ግን የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው።