ለጉዳይ የሚሄድ እግር

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታኒያ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጠና። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በ1953 በወጣው ጥናት የልብ ደም ሥር በሽታ ሹፌሮቹን ይበልጥ እንደሚያጠቃ ታየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞሪስ የደንብ ልብሳቸውን ልኬት ሲመረምር የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ አገኘው። ችግሩ ወጣቶቹ ሹፌሮችም ከእኩዮቻቸው ትኬት ቆራጮች ወፈር ያሉ መሆናቸው ነው። ታዲያ ያወፈራቸው ወንበሩ ነው ወይስ ወፍራሞቹ ናቸው ወንበሩን የመረጡት?

ይህ ጥያቄ ስለ ጉዞና ስለ ውፍረት የተጻፈውን ሁሉ ይከተላል። በ2008 ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ባሴትና ጆን ፑቸር ከባልደረቦቻቸው ጋር የአውሮፓን፣ የሰሜን አሜሪካንና የአውስትራሊያን አሃዞች ሲያነጻጽሩ፣ በእግር፣ በብስክሌትና በሕዝብ ትራንስፖርት የሚጓዘው በበዛበት አገር ከልክ ያለፈ ውፍረት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይሁንና አገሮቹ በሚበሉትም ይለያያሉ። ይበልጥ የሚያሳምነው ያው ሰው የጉዞ ልማዱን ሲለውጥ የሚታየው ነው። በ2015 የታተመ የብሪታኒያ ጥናት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ፣ መኪናቸውን ትተው በእግር፣ በብስክሌት ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ወደ ሥራ መሄድ የጀመሩት በአማካይ 1 ኪሎ ገደማ መቀነሳቸውን፣ ወደ መኪና የዞሩት ደግሞ መጨመራቸውን አሳይቷል።

አንድ ኪሎ ምን አላት? የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ያቃጠለውን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መልሶ ይተካዋል። ገበታው ካልተስተካከለ የወፈረን ሰው እግር ብቻውን አያከሳውም። የዕለት ጉዞ ኃይሉ ሌላ ቦታ ነው፤ በየቀኑ አዲስ ውሳኔ አይጠይቅም። ጂም የተመዘገበ ሰው ማለዳ ማለዳ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ ሥራ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ግን ሰበብ አይሰሙም። ውፍረት በዓመታት ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ስለሆነ የሚገታውም ለዓመታት ሳይታክቱ የሚደግሙት ትንሽ ነገር ነው።

ያ ድግግሞሽ ደግሞ በምክር ብቻ አይመጣም። ዛሬ ኔዘርላንድ ውስጥ ከአራት ጉዞ አንዱ በላይ በብስክሌት ነው፤ ሆኖም በ1950ዎቹና በ60ዎቹ እዚያም መኪና ከተሞቹን አጥለቅልቆ ነበር። በ1971 በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች የሕፃናት ግድያ ይቁም እያሉ አደባባይ ወጡ፤ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ተጨመረበት። ብስክሌተኛውን የመለሰው የተለየ መስመርና የመኪናው ፍጥነት መገደብ ነው። ሰው የጋለበው ስለማይፈራ እንጂ ለመክሳት ብሎ አይደለም።

አዲስ አበባ ከጉዞዋ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ አብዛኛው ግን በማጣት እንጂ በምርጫ አይደለም። ኑሮው ሲሻሻል መኪና የሚገዛ ሰው ያንን እንቅስቃሴ አብሮ ይሸኘዋል፤ ገበታው ደግሞ በዚያው ሰሞን ይሰፋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከከተማ ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ገደማ ከመጠን ያለፈ ክብደት ሲኖራት፣ በገጠር ከሃያዋ አንዷ እንኳ አልሞላችም። ልዩነቱን ሁሉ ለመንገድ መስጠት አይቻልም፤ የመንገድ ድርሻ ግን በጊዜ ሊታሰብበት ይገባል።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አምጥቷል። ከተማዋ ዳር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አድሮ መሃል ፒያሳ ለሚሠራ ሰው ግን ያማረ ንጣፍ ርቀቱን አያሳጥርለትም። ቤት፣ ሥራ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ተቀራርበው ሲታቀዱ ነው መራመድ ደመወዙ ላደገውም ቀላሉ መንገድ ሆኖ የሚቀረው። ውፍረትን እንከላከል የምንል ከሆነ ከሐኪሙ ጋር የከተማ ፕላን አውጪውንም እንጠይቅ፤ ሰው በየቀኑ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ቀድሞ የሚወስነው የእሱ ንድፍ ነውና።