ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል



ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» ትሉታላችሁ፤ እርሱም «ደህና» ይላል። በሂሳብ ትምህርት የትኛው ሐቅባጻ እንደተመደበ የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ የልጁን ዕድል የሚነካ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በሂሳብ ችሎታቸው በየደረጃው ይመድባሉ፤ ምድቡም ሐቅባጻ ይባላል። ከዚያ በኋላ ልጁ ለባግሩት ፈተና በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት ይማራል። በ5 የሂዶት ለጨረሰ ተማሪ ዩኒቨርስቲዎች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጡታል፤ የምህንድስናና የኮምፒዩተር ትምህርት በርም ይሰፋለታል። በ7ኛ ክፍል ዝቅተኛው ምድብ የገባ ልጅ ግን በ10ኛ ክፍል «5 የሂዶት ልማር» ቢል መሠረቱ ይጎድለዋል።

በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ልጅ፣ የጥያቄው ዕብራይስጥ ስላልገባው ብቻ ዝቅተኛው ምድብ ይገባል። ችግሩ የቋንቋ እንጂ የጭንቅላት አይደለም።

ታዲያ እርዳታ የለም? አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በረሖቮት በሚገኘው በዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ፔራሕ የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድን ልጅ ያግዛሉ፤ በለውጡም ለትምህርት ክፍያቸው ድጎማ ያገኛሉ። ሥራው ወደ መላው አገሪቱ ተስፋፍቷል። የትምህርት ሚኒስቴርም ከ2015 ጀምሮ በ5 የሂዶት ሂሳብ የሚማሩትን ቁጥር ለማሳደግ ዘመቻ አድርጎ ቁጥሩ ከፍ ብሏል።

ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ለዩኒቨርስቲዎችና ለከተማ የትምህርት ክፍሎች የምንለው አለን። አስጠኚው ከልጁ የሂሳብ መምህር ጋር ካልተነጋገረ ሥራው የቤት ሥራ ከመጨረስ አያልፍም። እርዳታው ከምደባው በኋላ ከመጣም ዘግይቷል፤ ልጁ ገና 5ኛና 6ኛ ክፍል ሳለ ይጀመር። የሂሳብ ችሎታ ሲመዘን ዕብራይስጡ እንቅፋት እንዳይሆን ይታሰብበት። ለወላጅም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው።

ለእናንተም የምንላችሁ አለ። በአገር ቤት መምህሩ ያለውን በዝምታ መቀበል ጨዋነት ነበር። እዚህ ግን ዝም ያለ ወላጅ የተስማማ ይመስላል። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የወላጅ መብትም ግዴታም ነው።

ስለዚህ በወላጆች ቀን እናትም አባትም ሂዱ፤ ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ የትኛው ሐቅባጻ ነው፣ ለምንስ ተመደበ? ወደ ላይ ለመውጣት ምን ማሟላት አለበት? ፔራሕ ወይም ሌላ አስጠኚ እንዲያገኝ የሚመዘግበው ማን ነው? ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ልጃችሁን ግን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የሚያሳፍረውን ይዘላል፣ እናንተም ሳታውቁ ትመለሳላችሁ።

ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ የሂሳብ መጽሐፍ አብሮ ማንበብ ባይችልም በመምህሩ ፊት ተቀምጦ መጠየቅ ይችላል። ያ ወንበር ባዶ አይሁን።