ሥራ አስኪያጅ ወይስ ሥራ አቋሚ?

በቋንቋችን ካሉት የሹመት ስሞች መካከል «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ያህል ግልጽ የሆነ ጥቂት ነው። ሥራን የሚያስኬድ ሰው ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። እንጀራዬ በትርጉም ሥራ የቆመ ሰው ነኝና ይህ ስም በተነሣ ቁጥር አፍራለሁ። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ የማውቃቸው ብዙ አለቆች፣ ራሴንም ጨምሮ፣ ሥራ የሚያቆሙ ናቸውና። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ከሁሉ ቀድመው ቢሮ ገብተው ከሁሉ ኋላ የሚወጡ፣ ምሳቸውን ወረቀት መካከል የሚበሉ ትጉሃን ናቸው። በሽታው ያለው እዚያው ትጋታቸው ውስጥ ነው።

ላለፉት ሃያ ዓመታት የአመራር ሥልጠና ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስመልስ ኖሬአለሁ። አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ሐሳብ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተብሎ ወደ ኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ገባ። «ውጤት ተኮር» የተባለው ሥርዓትም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እነዚህን ሁሉ ከንቱ ናቸው የሚል ድፍረት የለኝም። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ከሰባቱ ብክነቶች አንዱ መጠበቅ መሆኑን ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን የእኛ ሠልጣኞች ይህን መጠበቅ የሚፈልጉት በመጋዘንና በማምረቻው ክፍል ነው፤ የአለቃውን ጠረጴዛ የሚፈትሽ አላየሁም። አለቃውማ የመክፈቻ ንግግር አድርጎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ «አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ይሄዳል። ስለ ጊዜ አጠቃቀም እንዲማሩ የሚቀሩት ፊርማውን ሲጠብቁ የሚውሉት ጸሐፊዎች ናቸው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

አንዳንዶች ይህን ሁሉን በእጄ ካላደረግሁ የማለት ልማድ ለታሪካችን ያሸክሙታል። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንኳ ሚኒስትሮቹን ራሱ መርጦ የማቅረብ ሥልጣን እንዳልነበረው ያስታውሱናል። እውነት ነው። ነገር ግን ኬንያዊው ባልደረባዬ በዚያ ዘውድ ሥር አላደገም፤ ጠረጴዛው ከእኔ ጠረጴዛ በምንም አይለይም። እኛ «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ና» ስንል እርሱ «ንጆ ኬሾ» ይላል። ስንወቀስ እኛ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለን እንመልሳለን፤ እርሱም «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» ይላል። የአባቶች ብሂል እንዲህ ለወረቀት መቆለያ ሰበብ ሲሆን ያሳዝናል።

ሌላውን ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለምና የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ናይሮቢ በአንድ ድርጅት የስድስት ተርጓሚዎች ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። አንድም ገጽ እኔ ሳላየው አይወጣም፤ ይህንንም እንደ ክብር እቆጥረው ነበር። ቀይ ብዕሬን ይዤ «ነገር ግን» የሚለውን እሰርዝና «ሆኖም» እላለሁ፤ በማግሥቱ «ሆኖም» ተብሎ የመጣልኝን ደግሞ «ነገር ግን» አደርገዋለሁ። አንድ ጊዜ የሕፃናትን መድኃኒት አወሳሰድ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ለዕደላው ቀን ሳይደርስ ቀረ። እናቶቹ መድኃኒቱን የተቀበሉት በማያነቡት ቋንቋ ከተጻፈ ማብራሪያ ጋር ነበር። ተቈጥቼ ባልደረቦቼን ሰበሰብሁና «ማን ነው ያዘገየው?» አልሁ። ሁሉም ዝም አሉ። በመጨረሻ ከሁሉ በዕድሜ የምታንሰው ልጅ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ «እርስዎ ዘንድ ነው ያለው» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ከሦስተኛው ክምር ሥር ተኝቷል፤ ከመጣ ስድስት ቀኑ። ቀይ ብዕሬ እንኳ አልነካውም።

«ራስን ማወቅ» የሚለውን ሐረግ እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት እግዚአብሔር ይወቀው። በሥልጠና ጽሑፎቹ ውስጥ ዓይንን ጨፍኖ ስለ ጠባይ እንደ ማሰላሰል ሆኖ ይቀርባል። እኔ ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር የማየው ትጉሕና ጠንቃቃ ሰው ነበር። የረዳኝ ተራ ደብተር ነው። ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዱ ጽሑፍ ወደ እኔ የመጣበትንና ከእኔ የወጣበትን ቀን ጻፍሁ። ተርጓሚው ሁለት ቀን የሠራበት ወረቀት እኔ ዘንድ አምስት ቀን ያድር ነበር። ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አለቃ በትዝታው ሳይተማመን ጊዜው የት እንደሚሄድ በጽሑፍ እንዲይዝ መክሮ ነበር። እንዲህ ያለውን ምክር ለሌላው ስተረጉም ኖሬ ለራሴ አልደረሰኝም።

እርማቶቼንም መረመርሁ። አብዛኞቹ የምርጫ ጉዳይ ነበሩ፤ እውነተኛው ስሕተት የሚገኘው በቁጥር፣ በስምና በመድኃኒት መጠን ላይ ነው። እነዚህን ብቻ ለእኔ አስቀርቼ የቀረውን ባልደረቦቼ እርስ በርስ እንዲተያዩ ተውሁ። መተው ቀላል አልነበረም፤ እጄን ይበላኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ቀበሌ ስም ተሳስቶ ወጣ፤ በማግሥቱ ይቅርታ ጠይቀን አረምነው። ሰማይ አልተደፋም።

«ስሕተት ቢገኝ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው፤ ኦዲተሩ የሚመጣው በእኔ ላይ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ በፊርማው ምክንያት የተጉላላ ሰው አውቃለሁ። ሆኖም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አርባ ደብዳቤ ደርድሮ የሚፈርም አለቃ የትኛውን አንብቦ ነው? ፊርማው በእነዚያ አርባ ደብዳቤዎች ላይ ጥንቃቄ አልጨመረም፤ የጨመረው ቀን ነው። ከደጅ ተቀምጦ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ደግሞ ያንን ቀን ከኪሱ እያወጣ ይከፍላል፤ የታክሲውን፣ የአልጋውን፣ ከሥራ የቀረበትን።

ስለዚህ ለሥልጠና አዘጋጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ አለቃው የመክፈቻ ንግግር ከማድረጉ በፊት፣ በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ከመጡበት ቀን ጋር ዘርዝሮ ያምጣ። ዝርዝሩም በሠራተኞቹ ፊት ይነበብ። ቅጹን ወደ አማርኛ ለመመለስ ክፍያ አንጠይቅም። ረቂቁን ግን ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለባልደረቦቼ ይላኩት፤ በዚያ መንገድ ቶሎ ያልቃል።