ያልተመነዘረ ገንዘብ፦ የጀርመን ሥዕላዊ ኖቶች እንደ ታሪክ ምንጭ

በጀርመንኛ «ኖትጌልድ» የሚባሉት በሥዕል ያጌጡ የችግር ጊዜ ገንዘብ ኖቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. ለደረሰው ታላቅ የዋጋ ንረት ማስረጃ ሆነው ነው። ይህ አጠቃቀም ግን በዓላማ የተለያዩ ሁለት ኅትመቶችን ያደባልቃል።

የኖትጌልድ መነሻ የሳንቲም እጥረት ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ሕዝቡ የብር ሳንቲሙን ሸሸገ፤ ኒኬልና መዳብም ለጦር መሣሪያ ተፈለጉ። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶችና ፋብሪካዎች ለዕለት ግብይት የሚሆኑ አነስተኛ ኖቶችን አሳተሙ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሰብሳቢዎች ሲበዙ ዓላማው ተለወጠ። በአልበም የተቀመጠ ኖት ተመልሶ አይመነዘርም፤ ያልተመነዘረ ኖት ደግሞ ላሳታሚው ከተማ ትርፍ ነው። በ1921 እና በ1922 ሥዕላዊዎቹ ኖቶች በተከታታይ የወጡት በዚህ ስሌት ነው። ሐመልን አይጦችን በዋሽንት ያስከተለውን ሰው አፈ ታሪክ አሳተመች፤ የቢለፌልድ የቁጠባ ባንክ በሐር ጨርቅ ላይ ሳይቀር አተመ። አንዳንዶቹ ኖቶች ለሽያጭ ሲቀርቡ የመመንዘሪያ ጊዜያቸው አልፎ ነበር። በ1922 መንግሥት ኅትመቱን በሕግ ከለከለ።

የ1923ቱ ኖቶች ሌላ ናቸው። በኅዳር ወር የአንድ ዶላር ምንዛሪ 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ሲደርስ፣ ከተሞች፣ ድርጅቶችና የባቡር መሥሪያ ቤቱ ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ በጥድፊያ አተሙ። ብዙዎቹ በአንድ ገጽ ብቻ የታተሙ፣ ከቁጥር በቀር እምብዛም ጌጥ የሌላቸው ነበሩ። ዳቦ የተገዛው በእነዚህ ነው።

እንግዲህ የኖቱ ውበትና ንጽሕና ብዙውን ጊዜ በገበያ አለመዋሉን ያመለክታሉ። ባማሩ ኖቶች ብቻ የተሞላ ስብስብ የሸማቹን ችግር አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው እያንዳንዱ ከተማ ራሱን ለውጭ ተመልካች እንዴት ሊያሳይ እንደፈለገ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን ምንጩ እጅግ የበለጸገ ነው። ከተረቱና ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎን የተቀማ ግዛት ቁጭት፣ በአንዳንዶቹም አይሁድን የሚያንቋሽሽ ሥዕል ይገኛል። ያን ሥዕል ከተማው በማኅተሙ አጽድቆታል፤ ገዢውም ለቤተሰቡ አልበም መርጦታል። በውበት ብቻ የሚመርጥ ሰብሳቢ ይህን ሲተው፣ ጥላቻ በጌጥ መልክ ወደ ቤት የገባበት መንገድ ከታሪክ ይሰወራል።

ስለዚህ ቤተ መዛግብት የተቀደደውን ከንጹሑ፣ አስነዋሪውን ከውቡ ጋር ሊይዙ፣ ተከታታዮቹንም ሳይበትኑ ሊያቆዩ ይገባል። ተመራማሪውም ሥዕሉን ከመተንተኑ በፊት የእጥፋቱን ምልክት፣ የመመንዘሪያ ቀኑንና የታተመበትን ዓመት ይመርምር። ገንዘብ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከዚያ ነው።