ጣና ደርቆ ያውቃል

ባለፈው ሳምንት ስለ ግሪንላንድ በረዶ መቅለጥ አንድ ጽሑፍ እዚሁ ገጼ ላይ አጋርቼ ነበር። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ከሥሩ «ቲቸር፣ እኛ ጤፍ ስንት ገባ እያልን አርክቲክ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። መልሱ በአንድ መስመር ኮሜንት ስለማያልቅ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። እኛ ሰንዳፋ ላይ በረዶ ስንል ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ማለታችን ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰብሉን የሚያቃጥለውን ደግሞ ውርጭ እንለዋለን። ሳይንቲስቶቹ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ግግር በረዶ። በየዓመቱ የሚወርደው አመዳይ ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየጠጠረ ይሄድና በመጨረሻ በዝግታ ቁልቁል መንሸራተት ይጀምራል። ግሪንላንድ ላይ ውፍረቱ ቦታ ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ሳተላይቶች ሲመዝኑት ደግሞ በዓመት በአማካይ ወደ 270 ቢሊዮን ቶን እየቀነሰ ነው።

«ይቅለጥ! የሚሰምጠው የባሕር ጠረፍ ያለው አገር ነው፤ እኛ ወደብ እንኳን የለን» የሚለኝ አይጠፋም። ጣና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሄንሪ ላምብ የሚባሉ የዌልስ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሐይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ ፈተሹ፤ ጭቃውንም በረጅም ቱቦ ከሥር እየቀዱ አወጡ። ከባልደረቦቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ነበሩ። ውጤቱ በእ.ኤ.አ. 2007 ታተመ።

ምን አገኙ? ከለስላሳው ጭቃ ሥር ደርቆ የጠጠረ ንጣፍ። ከዚያ በላይ፣ ያውም ጥልቅ በሚባለው የሐይቁ መሐል፣ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ቅሪት። በግልጽ አማርኛ ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት መሐሉ ረግረግ ነበር። ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ14,750 ዓመት በፊት ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የናይል ወንዝ በሙሉ ዝናብ ሲኖር ብቻ ብቅ የሚል ወንዝ ሆኖ ከርሟል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የምንለው ተረት አንድ ዘመን ላይ ቃል በቃል እውነት ነበር።

እሺ፣ በዚያው ዘመን ሰሜን ላይ ምን ይደረግ ነበር? ያን ጊዜ ካናዳን የሸፈነው ግግር በረዶ ከጫፉ እየተናደ፣ እንደ ተራራ የሚያካክሉ ቁርጥራጮቹ በሰሜን አትላንቲክ ላይ ይንሳፈፉ ነበር። ይህን ያወቅነው ከጠጠር ነው። በረዶው ከየብስ ቆንጥጦ የያዘውን ድንጋይ ባሕር ላይ ሲቀልጥ ወደ ታች ይጥለዋል፤ ጠጠሩም በውቅያኖሱ ወለል ላይ ንብርብር ሆኖ ይቀራል። ሃርትሙት ሃይንሪክ የሚባሉ ጀርመናዊ በእ.ኤ.አ. 1988 ስለነዚህ ንብርብሮች ጽፈው ስለነበር ክስተቶቹ በስማቸው ይጠራሉ። የጣና መድረቅ «ሃይንሪክ 1» ከሚባለው ክስተት ጋር በዘመን ይገጥማል።

በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ጨው ነው። በሰሜን አትላንቲክ ጨዋማና ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል። የሰመጠውን ለመተካት ከደቡብ ሞቃት ውኃ ይመጣል። ከቀለጠ በረዶ ብዙ ጨው የሌለው ውኃ ሲጨመርበት ግን ላዩ ይቀላል፣ መስመጡ ይደክማል፣ ሙቀቱም ወደ ሰሜን መሄዱን ይቀንሳል። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ምድርን የከበበው የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል። የእኛ ክረምት የሚመጣው ያ መቀነት ወደ ሰሜን ከፍ ሲል ነው። ከሸሸ ክረምት የለም። አርክቲክ ለእኛ ምናችን ነው ለሚል፣ እንግዲህ የዝናባችን ጎረቤት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዝናብ በቀረ ቁጥር «ግሪንላንድ ነው» አትበሉ። የቅርብ ጊዜ ድርቆቻችን ሌላም ምክንያት አላቸው፤ በእ.ኤ.አ. 2015 የመታን ለምሳሌ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኞ ጋር የተያያዘ ነበር። ያኔ የተናደው በረዶም ከዛሬው እጅግ የበዛ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል በእ.ኤ.አ. 2021 ሪፖርቱ ይህ የአትላንቲክ ዝውውር በዚህ ምዕተ ዓመት የመዳከም ዕድሉ በጣም ከፍተኛ መሆኑን፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ብሎ ግን እንደማይጠብቅ ጽፏል። እኔም ነገ ጣና ይደርቃል አላልኩም። ያልኩት ደርቆ ያውቃል፣ ምክንያቱንም ማወቅ የእኛ ሥራ ነው ነው።

«የተራበ ሰው ባለበት አገር የበረዶ ጥናት ቅንጦት ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። እስቲ ከደጃችን እንጀምር። ለገዳዲ ጎረቤታችን ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው ቧንቧ ሲከፍት የሚቀዳው በእኛ ሰማይ የጣለውን ክረምት ነው። ከፍ እንበል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዘው ከክረምት ነው። ገበሬውም፣ ከተሜውም፣ መብራቱም ያስያዝነው መያዣ አንድ ነው፤ ክረምት። ያን ያህል ያስያዘ ሰው ስለ መያዣው መጠየቁ ቅንጦት የሚባለው ከምን ተነስቶ ነው?

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማስረጃው ያለው እኛ እጅ ነው። ግግር በረዶ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ባሌ ይሂድ። የሳኔቲ አምባ ላይ ከ42 እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በረዶው ተስፋፍቶ እንደነበር በእ.ኤ.አ. 2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዚያው አካባቢ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ ውስጥ፣ በረዶው ከበላያቸው እያለ፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው እየበሉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ጋርባ ጉራቻን ታውቃላችሁ? ኦሮምኛ የምትችሉ «ጥቁር ባሕር» ማለት መሆኑ ገብቷችኋል። ጎድጓዳውን የቦረቦረው በረዶ ነው። እዚያም ጭቃ ቀድተው ያነበቡት መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ስንት ተማሪ ይህን ሰው በስም ያውቃል? ክፍል ውስጥ ስለ ግግር በረዶ ስናስተምር ምሳሌያችን አልፕስ ነው፤ ባሌ ግን ከሮቤ ቅርብ ነው። ያወጣነው ጭቃ የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ነው፣ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይቀራል። ከፈረንጆቹ ጋር መሥራቱ ጥሩ ነው፤ ያለ እነሱም ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ግን የራሳችንን የዝናብ ታሪክ ሌላ ሰው እስኪያነብልን መጠበቅ ማንበብ እየቻሉ ደብዳቤ ለጎረቤት እንደማስነበብ ነው።

ስለዚህ የምለው ይኸው ነው። መምህራን የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ግግር በረዶ ስታስተምሩ በባሌና በጣና ጀምሩ፤ አልፕስ ይድረስበታል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ የሐይቅ ጭቃ ማንበብ የሚችል ወጣት አሠልጥኑ፣ ውጤቱንም በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ሁለት ገጽ ጻፉልን። በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ ደግሞ አንድ የዝናብ መለኪያ ግቢ ውስጥ ትከሉና ልጆቹ በየጠዋቱ ደብተር ላይ ይመዝግቡ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሃያ ዓመት ከቀጠለ ግን የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ክረምቱ ሲገባ እኛም እንጀምር። መለኪያ ያለው ወይም መሥራት የሚችል ካለ ከሥር ይጻፍልኝ፤ ልጆቹንና ደብተሩን እኔ አገኛለሁ።